የብሉኖዝን ቀፎ በእንጨት መሥራት፦ ከንድፉ እስከ ውኃው መስመር

የእንጨት መርከብ ሞዴል ዋናው ፈተና ቀፎው ነው። ቀፎ ስል ከወለሉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች እስከ መጨረሻው እንጨት ያለውን፣ ለመርከቡ መልኩን የሚሰጠውን የተጠማዘዘ አካል ማለቴ ነው። የተዛባ ገመድ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል፣ የተሰበረ ምሰሶም በሌላ ይተካል፤ የተጣመመ ቀፎ ግን ኮላው ከደረቀ በኋላ አይቃናም፣ በላዩ የሚሠራውም ሁሉ ጥመቱን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ምሰሶና ስለ ሸራ አይናገርም። የሚያሳየው ቀፎን በጀርባ አጥንት፣ ማለትም በመሐሉ በርዝመቱ በሚሄደው እንጨት፣ እና በጎድን፣ ማለትም በዚያ ላይ በወርድ በሚተከሉት እንጨቶች፣ አዋቅሮ ቀጫጭን ጣውላ የማልበስን ሥራ ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር በደንብ ከተያዘ ሌላው ይከተላል፦ ቀጭን ጣውላ በገጹ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በጠርዙ በኩል ግን አይታጠፍም። ጀማሪዎች ሲቸገሩ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ጣውላውን በጠርዙ አስገድደው ወደሚፈልጉት ቦታ ሊወስዱት ሲሞክሩ ነው። ጣውላው ለጊዜው እሺ ያለ ይመስላል፤ ወዲያው ግን አንደኛው ጠርዙ ከጎድኑ ላይ ይነሣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጣውላም የባሰ ይነሣል፣ በመጨረሻም ቀፎው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ይሆናል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ልኬቶችና ዝግጅቶች ጣውላን ማስገደድ ጨርሶ እንዳያስፈልግ የሚያደርጉ ናቸው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ብሉኖዝን ነው። ብሉኖዝ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ በሉነንበርግ ከተማ የተሠራች፣ ዊልያም ሩዌ የነደፋት ባለ ሁለት ምሰሶ፣ ስኩነር የሚባል የሸራ መርከብ ስትሆን፣ ወደ ውኃ የወረደችው እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1921 ነው። ኮድ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድም ለፍጥነት ውድድርም የታሰበች በመሆኗ አካሏ ሸክም የሚችል ሆኖ ሳለ ውኃ የሚሰነጥቅ ሹል ነው፤ ምስሏ ከ1937 ጀምሮ በካናዳ የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ይታያል፣ መርከቧ ግን በ1946 መጀመሪያ ላይ በሄይቲ አቅራቢያ ከውኃ ውስጥ ዐለት ጋር ተጋጭታ ጠፍታለች። ለመጀመሪያ ሥራ እሷን የምመክረው ስለ ዝናዋ ሳይሆን ስለ አፍንጫዋ ነው። እንደ ባውንቲ ያሉት የ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦች ፊታቸው እንደ በርሜል የሞላ ስለሆነ ጣውላው በጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ዞሮ መታጠፍ አለበት። የብሉኖዝ ፊት ግን በዝግታ እየጠበበ ስለሚሄድ ጣውላው ሳይሰበር ይከተላል። አስቸጋሪው ክፍሏ ከኋላ ነው፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

ንድፉና ልኩ

እውነተኛዋ ብሉኖዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43.6 ሜትር ርዝመት፣ 8.2 ሜትር ስፋት ነበራት። በ1 ለ 75 ሲሠራ ቀፎው 58 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመትና 11 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። ከዚህ ያነሰ ልክ መምረጥ ሥራውን የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን መርከቡ ሲያንስ ጣውላው በጣም እየቀጠነ፣ እጥፋቱም እየጠበበ ስለሚሄድ የሚከብደው ትንሹ ነው።

ንድፉ ሦስት እይታዎች ሊኖሩት ይገባል፦ ከጎን፣ ከላይ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ጎድን ቅርጽ በተነባበሩ መስመሮች የሚያሳየው የፊትና የኋላ እይታ። ንድፉ ሲታተም ወይም ኮፒ ሲደረግ መጠኑ ስለሚዛባ፣ ምንም ከመቁረጥዎ በፊት ርዝመቱንም ስፋቱንም በማስመሪያ ይለኩ። ርዝመቱ ትክክል ሆኖ ስፋቱ 2 ሚሊሜትር የተሳሳተ ኮፒ በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል።

ቀጥሎ መጣራት ያለበት የጎድኖቹ መስመር የጣውላውን ውፍረት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ነው። መስመሩ የቀፎውን የውጭ ገጽ የሚያሳይ ከሆነ ከእያንዳንዱ ጎድን ዙሪያ የጣውላውን ውፍረት፣ በእኛ ሥራ 1.5 ሚሊሜትር፣ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ከተዘነጋ መርከቡ በሁለቱ ጎን 3 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ በእውነተኛው መርከብ ሲመነዘር ከ22 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ዓይን ልዩነቱን ያያል፤ መርከቡ ከበድ ያለ፣ የደነዘዘ መልክ ይይዛል።

የጎድን ንድፍ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ብቻ ያሳያል። ሙሉውን ለማግኘት ወረቀቱን በመሐል መስመሩ ላይ አጥፈው ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ይቁረጡ፤ ግማሹን ለይቶ ገልብጦ መሳል ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዳይሆኑ ያደርጋል።

እንጨትና መሣሪያ

ለጀርባ አጥንቱ 5 ሚሊሜትር፣ ለጎድኖቹ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ፕላይውድ ያስፈልጋል። በጥሩና በመጥፎ ፕላይውድ መካከል ያለው ልዩነት በመስተዋት ላይ አጋድሞ በማየት ይታወቃል፤ አንዱ ጥግ ከተነሣ ይተውት። የጀርባ አጥንቱ ከጎበጠ ምንም ዓይነት ጥንቃቄ መርከቡን ቀጥ አያደርገውም።

ለጣውላው ቀጥ ያለ ቃጫ ያለው፣ ለስላሳ ግን የማይፍረከረክ እንጨት ይመረጣል። ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ሊንደን ወይም ባስውድ የሚባለውን ተሰንጥቆ የተዘጋጀ ሆኖ ከሞዴል መደብር ያገኙታል። አዲስ አበባ ላይ ለምሠራው ሥራ እኔ የምጠቀመው ከቤት ዕቃ መሥሪያ ቤቶች የሚተርፈውን የዝግባ ቁርጥራጭ ነው፤ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ሲላግ የሚለሰልስ ነው። ቁርጥራጩን በክብ መጋዝ 1.5 በ5 ሚሊሜትር አድርጎ የሚሰነጥቅልዎ ባለሙያ ካገኙ ከሚያስፈልግዎ በአንድ ሦስተኛ አስበልጠው ያሰንጥቁ፤ አንጓ ያለባቸው፣ የተጠማዘዙና ውፍረታቸው እኩል ያልሆነ ብዙ ይወጣባቸዋል። ባልሳ የሚባለውን እንጨት ግን አይጠቀሙ። በቀላሉ ይቆረጣል፣ ሲፈገፈግ ግን በጎድኖቹ መካከል እየጎደጎደ ያስቸግራል።

ከመሣሪያ በኩል ቀጭን ጥርስ ያለው ትንሽ መጋዝ፣ ስለታም ቢላ፣ ትንሽ መላጊያ፣ ሞረድ፣ ስኳድራ፣ ካሊፐር፣ ከ80 እስከ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ እስፒል፣ ብዙ የልብስ መቆንጠጫና ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። በቅጽበት የሚደርቀውን ኮላ ለዋናው ሥራ አልመክርም፤ ጣውላውን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። የብርጭቆ ወረቀት በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው፤ የእንጨት ብናኝ ሳንባን ይጎዳል።

የጀርባ አጥንቱና ቦዩ

የጎን እይታውን በፕላይውዱ ላይ ለጥፈው የጀርባ አጥንቱን ይቁረጡ፤ ጎድኖቹ የሚገቡባቸውን ስንጥቆችም በስኳድራ እየፈተሹ ያውጡ። የጎድኖቹ ቁጥር ከ13 እስከ 15 ቢሆን፣ ማለትም በየ4 ሴንቲሜትሩ ያህል አንድ ቢተከል ጥሩ ነው። ርቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር ሲበልጥ ጣውላው በመካከል ይላላና የከሳ ከብት ጎን እንደሚቆጠረው ሁሉ የመርከቡም ጎድን ከውጭ ይቆጠራል።

ጎድኖቹ ከመተከላቸው በፊት መሠራት ያለበት፣ ብዙዎች ግን የሚረሱት ሥራ ቦዩ ነው። ጣውላዎቹ ፊት ለፊት ወደ ፊተኛው ቋሚ፣ ከሥር ወደ ኪሉ (ከመርከቡ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ወደሚሄደው ወፍራም እንጨት)፣ ከኋላ ወደ ኋለኛው ቋሚ ሲደርሱ የሚያርፉበት ቦታ ከሌላቸው ውፍረታቸው ይደረብና ጫፉ ይደነዝዛል። ስለዚህ ከጀርባ አጥንቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ 8 ሚሊሜትር ያህል መስመር ተሠምሮ፣ ከዚያ መስመር ጀምሮ እንጨቱ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይላጋል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከ5 ሚሊሜትሩ 2 ብቻ ይቀራል፤ ከግራና ከቀኝ 1.5 ሚሊሜትር ጣውላ ሲያርፍበት ተመልሶ 5 ይሆናል። ከዚያ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ኪሉ፣ የፊቱ ቋሚና የኋላው ቋሚ በጠርዙ ላይ ይጣበቃሉ፣ የጣውላው ጫፍ የሚገባበት ቦይም በሁለቱ መካከል በራሱ ይፈጠራል። ጎድኖቹ ከተተከሉ በኋላ ይህን ቦይ ለማውጣት መሞከር በጠባብ ቦታ በመሮ መታገል ይሆናል።

ሞዴሉ ሲያልቅ በመቆሚያ ላይ የሚሰካ ከሆነ ለብሎኖቹ የሚሆኑትን ሁለት ቀዳዳዎች በኪሉ በኩል አሁኑኑ ይብሱ፣ ዳዶዎቹንም በጀርባ አጥንቱ ጎን በኮላ ይቅበሯቸው። ቀፎው ከተለበሰ በኋላ ውስጡ አይደረስበትም።

ጎድኖቹን መትከል

መጀመሪያ ሁሉም ጎድኖች ያለ ኮላ ይግቡና ይፈተሹ። እያንዳንዱ በእጅ ግፊት መግባት አለበት፣ ግን መወዝወዝ የለበትም። የላይኛው ጠርዛቸው በጎን ሲታይ ፊቱ ከፍ ብሎ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ፣ ኋላው ጥቂት የሚነሣ አንድ ወጥ የወለል መስመር መፍጠር አለበት። አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ስንጥቁ ይስተካከላል፤ ከላይ መላግ መፍትሔ አይደለም፣ ምክንያቱም የጎድኑ ጎንም አብሮ ከቦታው ወጥቷል።

ኮላው ሲቀባ የጀርባ አጥንቱ በሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች መካከል በሰሌዳ ላይ በሞርሳ ይያዝ። እያንዳንዱ ጎድን ከጀርባ አጥንቱ ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱ በስኳድራ በሁለቱም ጎን ይታያል፤ በየመካከሉም ትናንሽ አራት ማዕዘን እንጨቶች ይጣበቃሉ። ከመጨረሻው ጎድን በኋላ ከፊት ቋሚው ጫፍ እስከ ኋላው ጫፍ ክር ይወጠርና የጀርባ አጥንቱ መሐል መስመር ከክሩ ጋር ይመሳከራል። 1 ሚሊሜትር እንኳ ቢወጣ ኮላው ሳይደርቅ ማረም ይሻላል።

በፊተኛው ጎድንና በፊቱ ቋሚ መካከል፣ እንዲሁም ከኋለኛው ቋሚ በላይ ግራና ቀኝ ለስላሳ የእንጨት ጉማጅ ይሞላ። በነዚህ ቦታዎች ጣውላው ስለሚጠማዘዝ የሚያርፍበት ሰፊ ገጽ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፕላይውድ ወለል ይጣበቃል። ወለሉ መሐል ለመሐል ከጠርዞቹ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማለት ስላለበት የጎድኖቹ ራስ በዚያው ልክ ቅስት ተደርጎ ይቆረጣል። ወለሉን ጣውላው ከመልበሱ በፊት ማጣበቅ አጥንቱን ሁሉ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢፈገፈግም አይንቀሳቀስም።

ጎድኖቹን መስመር ማስያዝ

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። እኔ ለአንድ ቀፎ ሦስት ወይም አራት ማታ እሰጠዋለሁ፤ በመጀመሪያው ሥራዬ ግን በአንድ ሰዓት ጨርሼው ነበርና ጣውላው ከጎድኖቹ ስለታም ጠርዝ ጋር ብቻ ተነካክቶ በየቦታው ተነሥቶብኝ ግማሹን ነቅዬ ለመጀመር ተገድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎድኑ የተቆረጠው ጠርዙ ከገጹ ጋር ቀጥ ብሎ ነው፤ መርከቡ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይጠባል። ስለዚህ ጣውላው በጎድኑ ላይ ሲያርፍ የሚነካው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። ከመሐል በፊት ያሉት ጎድኖች ወደ አፍንጫው የሚያየው ጥጋቸው፣ ከመሐል በኋላ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ የሚያየው ጥጋቸው መላግ አለበት፤ የመሐለኛው ጎድን ምንም አይላግም። ያኛው፣ ወደ መሐል የሚያየው ጥግ ግን የመርከቡ ትክክለኛ መስመር ስለሆነ መነካት የለበትም።

የጎድኖቹን ጠርዝ ሁሉ በእርሳስ ያጥቁሩ። 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በ20 ሴንቲሜትር ርዝመትና በ3 ሴንቲሜትር ስፋት በተላገ እንጨት ላይ ይለጥፉ፤ እንጨቱ ቢያንስ ሦስት ጎድን በአንድ ጊዜ የሚነካ መሆን አለበት፤ ነጠላ ጎድን ለብቻው በሞረድ መሥራት ጉድጓድ ያመጣል። ጣውላው በሚሄድበት አቅጣጫ ይፈግፍጉ። ጥቁሩ እየለቀቀ ወደ መሐል ጥግ ሲቃረብና ቀጭን የእርሳስ መስመር ብቻ ሲቀር ያቁሙ።

አሁን ፈተናው ይጀመር። አንድ ጥሩ ጣውላ ያንሡና አምስት ስድስት ጎድኖችን አልፎ እንዲሄድ በቀስታ ያሳርፉት። ጣውላው የእያንዳንዱን ጎድን ጠርዝ በሙሉ ስፋቱ መንካት አለበት። ብርሃን ከኋላው ካሳለፈ ያ ጎድን ዝቅ ያለ ነው፤ በላዩ ቀጭን የእንጨት ልጣጭ ተለጥፎ ሲደርቅ እንደገና ይላጋል። ጣውላው በአንዱ ጎድን ላይ እንደ ግመል ሻኛ ከወጣ ያ ጎድን ከፍ ያለ ነው። ይህን ከወለሉ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ኪሉ በየ1 ሴንቲሜትሩ እየወረዱ፣ በግራም በቀኝም ይድገሙት። በተለይ ከውኃው መስመር በታች ያለውን የኋላ ክፍል ችላ አይበሉ፤ እዚያ ጎድኖቹ እንደ ወይን ብርጭቆ ወገብ ይጠባሉ፣ ጣውላውም ከመተኛት ወደ መቆም ይጠማዘዛል።

የጣውላውን ስፋት ማካፈል

በመሐለኛው ጎድን ላይ ከወለሉ ጠርዝ እስከ ኪሉ ቦይ ያለው ዙሪያ ለምሳሌ 100 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 20 ይፈልጋል። ወደ ፊት ስንሄድ ግን ዙሪያው ወደ 70 ሚሊሜትር ያንሳል። የጣውላው ቁጥር ያው 20 ስለሆነ እያንዳንዱ እዚያ 3.5 ሚሊሜትር ብቻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጣውላው ከመሐል ወደ ጫፎቹ በስፋቱ እየጠበበ መሄድ አለበት። ጣውላዎቹን ሳያሳሱ በሙሉ ስፋታቸው ጎን ለጎን መደርደር ነው በጠርዛቸው እንዲታጠፉ የሚያስገድዳቸው።

ይህን በእያንዳንዱ ጎድን ላይ ለማስላት ካልኩሌተር አያስፈልግም። የተማሪ ደብተር ገጽና ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ይበቃል። ቅዳጁን ከወለሉ ጠርዝ እስከ ቦዩ በጎድኑ ላይ ጠምዝዘው ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ቅዳጁን በደብተሩ ላይ አግድመው አንዱን ምልክት በአንድ መስመር ላይ ያሳርፉና፣ ሌላኛው ምልክት ከዚያ መስመር ጀምሮ ሲቆጠር አምስተኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያዘንብሉት። በመካከል ያሉት ሦስት መስመሮች ቅዳጁን የሚያቋርጡበት ቦታ ዙሪያውን በአራት እኩል ክፍል ይከፍለዋል። ምልክቶቹን መልሰው በጎድኑ ላይ ያስተላልፉ። በሁሉም ጎድኖች ላይ ሲጨርሱ ምልክቶቹን የሚያገናኝ ቀጭን ክር በእስፒል ይያዙ፤ ቀፎው አሁን አራት መቀነት ይኖረዋል፣ በእያንዳንዱም አምስት ጣውላ ይገባል።

ክሮቹን ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር ሆነው ይመልከቱ። የትኛውም ክር ድንገት የሚሰበር ከመሰለ በዓይንዎ ይመኑና ምልክቱን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያንቀሳቅሱ። የቁጥሩ ልክነት ከመስመሩ ውበት አይበልጥም።

አንድ ገደብ ግን አለ፦ ጣውላ ከግማሽ ስፋቱ በታች፣ እዚህ ከ2.5 ሚሊሜትር በታች፣ መሳሳት የለበትም። ቀጭን ጫፍ እስፒልም ኮላም አይይዝም። በአንድ ቦታ ከዚያ ያነሰ ስፋት ከወጣ ሁለት ጣውላዎች እዚያ በአንድ ጣውላ እንዲተኩ ይደረጋል። በተቃራኒው፣ ከኋለኛው ቋሚ አጠገብ ዙሪያው ከመሐል ሊበልጥ ይችላል፤ እዚያ በጣውላዎቹ መካከል የሚገባ ሦስት ማዕዘን ማካካሻ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የእውነተኛ መርከብ ሠሪዎች ይጠቀሙባቸው ነበርና እንደ ጉድለት አይታዩም።

ጣውላ ማልበስ

የመጀመሪያው ጣውላ በወለሉ ጠርዝ ሥር ይሄዳል። ይህ ጣውላ የመርከቡን መልክ የሚወስን ስለሆነ ከሩቅ ቆመው ካዩት በኋላ ብቻ ያጣብቁት። ሁለተኛው ከኪሉ ጋር የሚገናኘው የሥር ጣውላ ነው። በዚህ ጣውላ ላይ የሚሠራው ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ የፊት ጫፉ የፊቱን ቋሚ ተከትሎ ወደ ላይ እንዲወጣ ይተዋል። ከወጣ ከላይ ለሚመጡት ሁሉ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ እነሱም ወደ ላይ ይገፋሉ። የሥር ጣውላው ኪሉ ወደ ቋሚው መነሣት ሲጀምር እዚያው ያብቃ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጣውላ በዚህ ቅደም ተከተል ያልፋል። በየጎድኑ የሚኖረው ስፋት ከምልክቱ ተለክቶ በጣውላው ላይ ይሠመራል፤ ጣውላው በሁለት የብረት ማስመሪያዎች መካከል ተይዞ እስከ መስመሩ በመላጊያ ይሳሳል። ከተለበሰው ጣውላ ጋር የሚነካካው ጠርዝ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘንብል፤ አለበለዚያ ቀፎው በሚዞርበት ቦታ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይኖራል። ከዚያ የፊት ጫፉ ለ20 ደቂቃ ያህል በሙቅ ውኃ ይነከርና በሞቀ የልብስ ካውያ ጫፍ ላይ በዝግታ እየተጫነ ይታጠፋል፣ ወይም በቀፎው ላይ በመቆንጠጫ ታስሮ ይቆያል።

ሳይደርቅ ግን አይጣበቅ። እርጥብ እንጨት በወርዱ ያብጣል፤ እንዳበጠ ከተጣበቀ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ትናንት ግጥም ብሎ የነበረው መጋጠሚያ ዛሬ ክፍተት ሆኖ ይገኛል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደረቅ የበጋ አየር ይህ በአንድ ሌሊት ይታያል። ሌሊቱን በቦታው ታስሮ ይደር፣ ጠዋት ተፈትቶ ኮላ ይቀባ። ኮላው በጎድኖቹ ጠርዝና በቀደመው ጣውላ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ይቀባል፤ እስፒሉ በጣውላው ውስጥ ሳይሆን ከጠርዙ ሥር በጎድኑ ላይ ተተክሎ ጣውላውን ወደ ላይ ቢደግፈው ቀዳዳ አይተርፍም።

በግራ አንድ ጣውላ ከተለበሰ ቀጣዩ በቀኝ በዚያው ቦታ ይሁን። እያንዳንዱ የታጠፈ ጣውላ አጥንቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ አንድ ጎን አምስት ጣውላ ለብሶ ሌላው ባዶ ከሆነ የጀርባ አጥንቱ ይጎብጣል፣ ኮላውም ያንን ጉብጠት ይቆልፈዋል። ከላይ ሁለት ጣውላ፣ ከሥር አንድ እያደረጉ ወደ ሆዱ መታጠፊያ ይቅረቡ። የመጨረሻው ጣውላ የሚዘጋው እዚያ ሲሆን በስሌት ሳይሆን በቀረው ክፍተት ልክ ይቆረጣል፤ በክፍተቱ ላይ ወረቀት አድርገው በእርሳስ ቢፈገፍጉት ቅርጹ ይወጣል።

አሁን ወደ ኋላው። ብሉኖዝ ከኋለኛው ቋሚ በላይ ረጅም ጅራት መሰል ክፍል አላት፤ ይህም በትንሽ የኋላ ግድግዳ ያበቃል። ከውኃው መስመር በላይ ያሉት ጣውላዎች ቀጥለው ወደዚያ ግድግዳ ይሄዳሉ፣ የታችኞቹ በቋሚው ቦይ ያበቃሉ፣ በሁለቱ መካከል ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ጣውላዎች ግን በአጭር ርቀት ውስጥ በጣም ይጠማዘዛሉ። እነዚህን ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ጠባብ ጣውላ መሥራት ይሻላል፤ ጠባብ ጣውላ በቀላሉ ይጠማዘዛል። ቀደም ሲል የተሞላው ጉማጅ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው፤ ጣውላው በአየር ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ ይተኛል።

ሞዴሉ ቀለም የሚቀባ ከሆነ አንድ ልባስ ይበቃል። እንጨቱ ራሱ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው 0.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሁለተኛ ልባስ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ግን ጎድኖቹ ሲቆረጡ ይህም 0.5 ሚሊሜትር መቀነስ ነበረበት፣ ቦዩም በዚያው ልክ ይጠልቃል። በሁለተኛው ልባስ ጣውላው ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ መሆን የለበትም፤ 43 ሜትር ጣውላ የለም። ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር እየተቆረጠ፣ መጋጠሚያው ጎድን በሚገኝበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ በተመሳሳይ መስመር ላይ በሚገኙ ሁለት መጋጠሚያዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ጣውላ ይለፍ።

ማለስለስና የውኃው መስመር

ኮላው ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ቀፎው በ120፣ በ180፣ በመጨረሻም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ ይፈገፈጋል። በጎድኖቹ መካከል እጅ አይጫን፤ ጣውላው ተለጥጦ ይርቃል፣ ጎድኑ ባለበት ብቻ ይላጋል። ክፍተቶቹ የዚያው እንጨት ብናኝ ከነጭ ኮላ ጋር ተቦክቶ ይሞሉ፤ ሰፊ ጉድጓድ ካለ ስቱኮ በስሱ ሁለት ጊዜ ይለጠፍ። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ከጎን ቢበራበት ዓይን በቀን ያላየው እብጠት ጥላ ይጥላል። ከዚያ በስሱ የመሠረት ቀለም ይቀባና እንደገና በዚያው ብርሃን ይታያል። ሦስት ዙር የተለመደ ነው።

የውኃውን መስመር ለማውጣት ቀፎውን በመስተዋት ላይ በመቆሚያ ያቁሙ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የብሉኖዝ ኪል ከውኃው መስመር ጋር ትይዩ አይደለም፤ ከኋላ በኩል ጠለቅ ይላል። ስለዚህ በንድፉ ላይ የውኃው መስመር ፊትና ኋላ የሚነካባቸው ሁለት ነጥቦች በቀፎው ላይ ምልክት ይደረጉና፣ ሁለቱም ከመስተዋቱ እኩል ከፍታ እስኪኖራቸው ድረስ ከፊት በኩል ሽብልቅ ይገባል። ግራና ቀኙም ወለሉ ላይ በተጋደመ ውኃ ልክ ይፈተሽ። ከዚያ እርሳስ በትክክለኛው ከፍታ በእንጨት ጉማጅ ላይ ታስሮ፣ ጉማጁ በመስተዋቱ ላይ እየተንሸራተተ ቀፎውን ይዞራል። የሚወጣው መስመር ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ፣ ከኋላው ጅራት ሥር ግን ሰፊ ቅስት የሚሠራ ይሆናል፤ ይህ ትክክል ነው።

ቀለሙ ሲቀባ ከታች ቀዩ ይቀድም፣ መስመሩን ጥቂት አልፎም ይቀባ። ሲደርቅ የማጣበቂያ ቴፕ በመስመሩ ላይ በጥፍር ተጫኖ ይለጠፋል፤ የቴፑም ጠርዝ በዚያው ቀይ ቀለም አንድ ጊዜ በስሱ ይቀባል፣ ከሥሩ የሚገባ ካለ ቀዩ ራሱ ይግባ። ከዚያ ጥቁሩ በሁለት ቀጭን እጅ ይቀባና፣ ሁለተኛው እጅ ሙሉ በሙሉ ከመጠንከሩ በፊት ቴፑ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይነሣል።